በሁለት እጅ የሚያዘው

ዶክተሩ ጉልበትሽን ሙቀት ይሻለዋል ብሎኝ ባለፈው ወር ሐዋሳ ሰነበትኩ። ጉልበቴ ዶክተሩን የሰማው አይመስለኝም፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር መቀመጥ ለመድኩ። የዓሣው ሽታ ሌላውን አፍንጫ ያስይዘው ይሆናል፣ እኔ ወድጄዋለሁ። አንድ ቀን ታዲያ አንድ ሽበታም ፈረንጅ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ የቁመቱን እጥፍ የሚያህል ቀጭን ዘንግ በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ ኋላ ሳብ ወደ ፊት ለቀቅ ሲያደርገው አየሁ። ክሩ አየር ላይ ተዘረጋ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ውሃው ላይ ሲያርፍ ድምፅ እንኳ አላሰማም። አጠገቤ ሻይ የምትሸጠው ልጅ «ምነው እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። ለካስ እያለቀስኩ ነበር። ዓሣ አጥማጅ አይቶ የሚያለቅስ ሰው ምን ይባላል? «ጢስ ገብቶብኝ ነው» አልኳት። ጢስ የሚባል ነገር ግን በአካባቢው አልነበረም።

በወጣትነቴ አሥመራ ኮምቢሽታቶ ላይ፣ የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ በሚሸጥ የጣሊያን መደብር ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። ጊዜው የጃንሆይ ነው። ባንዲራው ተለውጧል፣ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ሆኗል፣ መንገዱም በወረቀት ላይ ሌላ ስም ወጥቶለታል፤ እኛ ግን ኮምቢሽታቶ ከማለት አልተመለስንም። ካፑቺኖ በስሙኒ ይጠጣ ነበር፤ ያውም አረፋው ከንፈር ላይ ጢም የሚሠራ ካፑቺኖ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ለባብሶ ይወጣል፤ ወንዱ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ ሱሪውን እንደ ቢላዋ አስተኩሶ፣ እኛ ሴቶቹ ደግሞ እናቶቻችን ሳያዩ ከጉልበት በላይ ከፍ ያደረግናቸውን ቀሚሶች ለብሰን፣ ከዘንባባዎቹ ሥር ከጫፍ ጫፍ እንመላለሳለን። የት ትሄዳላችሁ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የትም አንሄድም ነበርና። ቢስክሌቶች በመካከላችን እየተሹለከለኩ ያልፋሉ፣ ከቡና ቤቱ ዘፈን ይሰማል፣ የመደብራችን በር በተከፈተ ቁጥር የቆዳና የጠመንጃ ዘይት ሽታ ይወጣል። ዛሬም አንዳንድ ጊዜ፣ አዲስ አበባ መሐል ታክሲ ስጠብቅ፣ ያ ሽታ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ይመጣብኝና ዞር ዞር እላለሁ።

የመደብሩ ባለቤት ሲኞር ብሩኖ ይባላል። አሥመራ ተወልዶ አሥመራ ያረጀ፣ ትግርኛውን ከጣሊያንኛው፣ ጣሊያንኛውን ከአማርኛው ጋር እንደ ሰላጣ የሚያደባልቅ ሰው ነበር። ዋነኛ ጓደኛው ደግሞ የእኔው ታላቅ ወንድም ነው፤ ክፍሎም። እኔ ኣያ ክፍሎም እለዋለሁ፤ በእኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም ኣያ ነው የሚባለው። እርሱም ሓፍተይ ይለኛል፤ እኅቴ ማለት ነው። ዓኽርያ ሰፈር ባለ ጋራዥ ውስጥ ብረት ቀራጭ ነበር፣ የምንኖረው ማይ ጭሆት ሰፈር ከእናታችን ጋር። ኣያ ክፍሎም አንድ አመል ነበረው፤ መምረጥ ይወዳል። መግዛት አይደለም፣ መምረጥ! ሐብሐብ ግዛ ተብሎ ቢላክ በገበያው ያለውን ሐብሐብ ሁሉ አንድ በአንድ አንኳኩቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳምጦ፣ ከሻጮቹ ሁሉ ጋር ተዋውቆ፣ ምሳ ካለፈ በኋላ ይመጣል። ከአንድ ክራባት ፊት ሁለት ቅዳሜ ሊቆም ይችላል። እናታችን «ይሄ ልጅ ሚስት እስኪመርጥ እኔ አፈር ውስጥ ነኝ» ትል ነበር። እኔ በበኩሌ ችኩል ነኝ፣ አብሬው ገበያ መሄድ ያሳብደኝ ነበር። ግን ሲመርጥ ፊቱን ብታዩት! ከተማው ሁሉ የእርሱ የሆነና ምኑን አስቀድሜ ልውሰድ የሚል ይመስል ነበር።

የዓሣውን ነገር ያስለመደው ሲኞር ብሩኖ ነው። በትል ወይም በሊጥ ማጥመድ ማንም ያውቀዋል፤ የእነርሱ ግን ሌላ ነው። መንጠቆ ላይ የዶሮ ላባ በክር ይጠመጥሙና ዝንብ የሚመስል ነገር ይሠራሉ። ሞስካ ይሉታል፤ በጣሊያንኛ ዝንብ ማለት ነው። ሞስካዋ ቅንጣት ታህላለች፣ በራሷ ክብደት የትም አትደርስም፤ ወፈር ያለው ክር ነው ይዟት የሚሄደው፣ ክሩን ደግሞ ዘንጉ ይወረውረዋል። ዘንጉ ካና ይባላል። እንግዲህ ካና ዳ ሞስካ ማለት የዝንብ ዘንግ ማለት ነው። ኣያ ክፍሎም ሞስካዎቹን በገዛ እጁ ይሠራ ስለነበር የጎረቤታችን አውራ ዶሮ ጅራት እያደር ሲመናመን ሰፈሩ ሁሉ በሽታ ነው ብሎ አወራ። እሑድ እሑድ ሁለቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ግድብ ይሄዳሉ፣ አንዳንዴም በሊቶሪናው ባቡር ምጽዋ ይወርዳሉ። ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ስለ ዓሣ እስኪመሽ ያወራሉ።

ካና ሁለት ዓይነት ነው፤ በአንድ እጅ የሚያዝና በሁለት እጅ የሚያዝ። በአንድ እጅ የሚያዘው አጭርና ቀላል ነው፣ ሌላው እጅ ነፃ ሆኖ ክሩን ይቆጣጠራል፤ ነገር ግን ሲወረውሩት ክሩ አስቀድሞ ወደ ኋላ መዘርጋት አለበት። ግድቡ ዳር ከኋላ ያለው እሾሃም ግራር ነው፤ ኣያ ክፍሎም ከዓሣ ይልቅ ግራር ያጠመደበት ቀን ይበዛል። በሁለት እጅ የሚያዘው እስከ አራት ሜትር ይረዝማል፣ ከኋላ ቦታ አይፈልግም፣ የምጽዋን ነፋስ ሰንጥቆ ሩቅ ይልካል። ግን ይከብዳል፣ ለትንሽ ዓሣም ያሳፍራል። መደብሩ ውስጥ የነበረው የአንድ እጁ ብቻ ነው፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተሰቅሎ። የሁለት እጁ ከጣሊያን አገር መታዘዝ አለበት። በሉ እንግዲህ መምረጥ ለሚወድ ሰው ይህንን ስጡት!

ክረምቱን ከበጋው ያገናኘ ክርክር ሆነ። ሲኞር ብሩኖ የአንድ እጅ ሰው ነበር። «ክፍሎም፣ ዓሣው ሲነካህ በአንድ እጅ ነው የምትሰማው! ሰላም ስትል በሁለት እጅ ነው እንዴ?» ይለዋል።

«እወ ሲኞር» ይላል ወንድሜ፣ «ለትልቅ ሰው በሁለት እጅ ነው ሰላም የምንለው። ባሕር ደግሞ ትልቅ ነው።»

የአንድ እጁን ለሙከራ ተውሶ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ሲወረውር የእናቴን ነጠላ ከገመድ ላይ አጠመደ። ዓኽርያ ሜዳው ላይ ሲወረውር ሥራ ፈት ሁሉ ተሰብስቦ «እዚህ ዓሣ የለም፣ በግ ሞክር» እያለ ይስቅበታል። እርሱም አብሮ ይስቃል። አንድ ምሽት ከመደብሩ ጎን ባለው ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ሲኞር ብሩኖ ካፑቺኖውን ሲያማስል፣ ኣያ ክፍሎም ድንገት ብድግ ብሎ ቆመ። ሙሽራ የመረጠ ይመስል ፊቱ በርቷል። ቤቱ ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኾ «ሲኞር ብሩኖ፣ ጨረስኩ! ካና ዳ ሞስካ፣ ኣ ዱዌ ማኒ!» አለ። ኣ ዱዌ ማኒ ማለት በሁለት እጅ ማለት ነው። አጨበጨብንለት። ሲኞር ብሩኖ ተሸነፍኩ ብሎ ሳመው፣ በማግስቱም ዕቃው ታዘዘ።

በዚያ ቡና ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ አንድ ጆሮ ጠቢ እንደነበረ ያወቅነው በኋላ ነው። ከመሐል አገር በቅርቡ የመጣ፣ ጣሊያንኛ የማያውቅ ሰው ነበር አሉ። የሰማውን ድምፅ በአማርኛ ፊደል ጻፈ፤ ከዚያ ጣሊያንኛ ለሚያውቅ ሰው ሰጥቶ ቃል በቃል አስተረጎመው። ካና? ካና የጠመንጃ አፈሙዝም ስም ነው፤ የአደን መሣሪያ ከሚሸጥ መደብር የወጣ ሰው ሲናገረው ደግሞ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ዳ ሞስካ? ጣሊያኖች ሞስኮንም ዝንብንም ሞስካ ነው የሚሏቸው፤ ዳ ሞስካ ሲባል ከሞስኮ ማለትም ይሆናል። ተርጓሚው ቅንጣት አልዋሸም። በዚያን ጊዜ ደግሞ በቆላው ጫካ ውስጥ ተኩስ ነበር፣ ሌሊት የሚጠፉ ልጆች ነበሩ፣ ሰው ስለ ነገሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ብረት ቀራጩን ክፍሎምን ከነሥራ ልብሱ ከጋራዡ ይዘውት ሄዱ።

ሲኞር ብሩኖ አብሮኝ ሊሄድ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ሲደርስ ፈርቶ መልሶ አወለቀው። አልፈረድኩበትም። ከመስኮቱ አጠገብ የተሰቀለውን ካና አውርዶ፣ የወንድሜን ሞስካዎች በሳጥን አድርጎ ሰጠኝ። ሁለቱን ይዤ ወደታሰረበት ግቢ ብቻዬን ሄድኩ። ያገኘሁት ሻምበል ረጋ ያለ፣ ጢሙን ያስተካከለ የሸዋ ሰው ነበር። «ቁጭ በይ እኅቴ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ክፉ ፊት ቢያሳየኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለክፉ ፊት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት።

«አፈሙዝ፣ ከሞስኮ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ» አለ። «ተሳስተናል?»

«አልተሳሳቱም ጌታዬ። ቃሉ እንደዚያ ነው፣ ግን እንደዚያ ማለት አይደለም።» በትምህርት ቤት አማርኛዬ «ሞስካ ዝንብ ነው» አልኩት።

«ዝንብ?»

«እወ… አዎ ጌታዬ። ዝንብ።»

«ከዝንብ የሚመጣ አፈሙዝ?»

«አይደለም ጌታዬ! ዝንብ የሚወረወርበት ዘንግ ነው።»

«ዝንብ ለምን ይወረወራል?»

«ዓሣው እንዲበላው።»

በሩ ላይ የቆመው ወታደር ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ ራሴ የተናገርኩት ለጆሮዬ ውሸት ሆኖ ተሰማኝ። እውነት እየተናገሩ እንደ ውሸታም መቅለል እንዴት እንደሚያቃጥል ያን ቀን አወቅሁ። ሳጥኑን ከፈትኩለት። አንዷን ሞስካ አንስቶ አውራ ጣቱ ላይ አስቀመጣትና «የእኛ አገር ዝንብ እንኳ እንዲህ አትዘንጥም» አለ። አመነኝ ብዬ ልቤ ዘለለ። ካናውን ገጣጥሜ አሳየሁት፤ አገላብጦ አየው፣ ጫፉን አርገበገበው።

«ይሄ በስንት እጅ ነው የሚያዘው?»

«በአንድ እጅ ጌታዬ።»

«እንግዲያው የተከሰሰው ይሄ አይደለም» አለ፤ ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው። «ስሚኝ እኅቴ። በአንድ እጅ የሚያዝ ሽጉጥ ነው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ጠመንጃ ነው። ወንድምሽ የአንድ እጁ እዚሁ ተሰቅሎለት የሁለት እጁን ከባሕር ማዶ አዘዘ። ለምን?»

ምን ልበለው? ግራር አለ ልበለው? መምረጥ ስለሚወድ ነው ልበለው? ሻምበሉ ካናውን ፈታትቶ መልሶ ሰጠኝ። «ያዘዘው ዕቃ ሲደርስ አምጪና አሳዪኝ። አንቺ እንዳልሽው ከሆነ እለቀዋለሁ፤ ቃሌ ነው» አለኝ። መርከብ እስኪመጣ ድረስ ወንድሜ እዚያው ይቆያል ማለት ነው። መርከቦቹ ደግሞ በዚያ ጊዜ ወደ ባሕራችን የሚያስገባው የመርከብ ቦይ በጦርነት ተዘግቶ አፍሪካን ሁሉ ዞረው ነበር የሚመጡት።

እናታችን ነገሩን ስነግራት ከሁሉ የገባት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ካና። «ቃና ዘገሊላ?» አለች። አይደለም ብላት የሚሰማኝ የለም። ካናው በሰላም ከደረሰ ለቃና ዘገሊላ በዓል ዳቦ አደርሳለሁ ብላ ተሳለች። እንግዲህ በከተማው ውስጥ ለዓሣ ዘንግ የምትጸልይ እናት እርሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። እሑድ እሑድ ምሳና ንጹሕ ልብስ ይዘን እስር ቤቱ በር ላይ እናቀብላለን፣ እርሱን አናየውም። የሚመለሰውን ልብስ እናቴ እኔን አታስነካኝም፤ በር ዘግታ ራሷ ታጥበዋለች፣ ውሃውንም ራሷ ትደፋዋለች። እኔ መደብር እገባለሁ፣ ለደንበኛ ፈገግ እላለሁ፣ ከመስኮቱ አጠገብ የተሰቀለውን የአንድ እጅ ካና ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ። ምናለ ይሄን ወስዶት ቢሆን! ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኳት። ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ ዕቃ ሳጥብ ሳላስበው ከአፌ ትወጣለች፤ ልጆቼ «ማማ፣ ምኑን ወስዶት ቢሆን?» ይሉኛል።

ክረምቱ አልፎ ካናው በረጅም የእንጨት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ደረሰ። ሁለቱንም ካናዎች ተሸክሜ ኮምቢሽታቶን ስሻገር ሰው መንገድ ይለቅልኝ ነበር። ሻምበሉ ቃሉን አላጠፈም። «እንግዲያው ባለቤቱ ራሱ ያሳየን» ብሎ ወደ ግቢው አስወጣን። ኣያ ክፍሎምን አመጡት። ፀሐዩን መቋቋም አቅቶት ዓይኑን ጨፍኗል፣ ጢሙ አድጓል፣ ኮሌታው አንገቱ ላይ ሰፍቷል። ልሮጥ ስል ወታደሩ በክንዱ ከለከለኝ። ወንድሜ ካናውን ተቀበለ። ክፍሎቹን አንዱን ባንዱ ውስጥ ሲያስገባ ጣቶቹ ሥራቸውን አልረሱም፤ እርሱ ግን የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ነበር የሚያያቸው። ሁለት እጁን አስተካክሎ ያዘ፣ ወደ ኋላ ሳብ፣ ወደ ፊት ለቀቅ። ክሩ በግቢው ላይ ተዘርግቶ ሄደ፣ ሄደ፣ ሞስካዋ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ቆብ ላይ አረፈች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዘበኛውም ሳቀ፣ እኔም ከደስታዬ ብዛት ሳቅሁ። ኣያ ክፍሎም አልሳቀም።

«ድገመው» አለ ሻምበሉ። ደገመው። ከቢሮ መኮንኖች ወጥተው ተሰለፉ፣ ድገመው አሉት፣ ደገመው። በእንባ ሆኜ እያየሁ፣ ከሕልሙ ሁሉ የሚበልጠውን ያን ውርወራ እዚያ አቧራ ላይ ሲጨርሰው ይታወቀኝ ነበር። በመጨረሻ ሻምበሉ ተጠግቶት፣ በወዳጅነት ነው መቼም፣ «እሺ ክፍሎም፣ ሁለቱም እዚህ አሉ። እኔ ልማር ብል የቱ ይሻለኛል? የአንድ እጁ ወይስ የሁለት እጁ?» አለው።

ለዚህ ጥያቄ ወንድሜ ክረምትን ከበጋ የሚያገናኝ መልስ ነበረው። እርሱ ግን ወደ አንዱ ካና አየ፣ ወደ ሌላው አየ። «ጌታዬ የወደዱትን» አለ። ሻምበሉ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ የሁለት እጁን ራሱ ጋ አስቀረና የአንድ እጁን ለኔ ሰጠኝ። ወንድሜን ይዤው ወጣሁ።

እናቴ እልል አለች፣ ስለቷን አደረሰች፣ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» አለ። እውነትም አበቃን፤ ሳይመለሱ የቀሩ ስንት አሉ። ግን ማን እንደተመለሰ ያየን እኛ ነን። ሻሂ ወይስ ቡና ስንለው «ዝኾነ ይኹን» ይላል፤ የሆነው ይሁን ማለት ነው። ሰማያዊው ሸሚዝ ወይስ ነጩ? ዝኾነ ይኹን። ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሥራ ከፊቱ ሲያስቀምጡለት ቆሞ ይቀራል፤ አለቃው አንዱን ሲያነሳበት እስትንፋሱ ይመለሳል። ማታ አብረን ስንወጣ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ጥግ ይቆማል፣ እኔ ክንዱን እይዘውና እናልፋለን። ሲኞር ብሩኖ «ግድብ እንሂድ» ቢለው አብሮት ይሄዳል፣ ካና ካልሰጡት ግን አይጠይቅም። ሲኞር ብሩኖ አንድ ቀን ከዕቃ ቤቱ ገብቶ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁት።

በሚቀጥለው ዓመት እኔ አገባሁ። ለሠርጌ ጫማ ልገዛለት ኮምቢሽታቶ ይዤው ሄድኩ። ሻጩ ጥቁርና ቡኒ አምጥቶ ከፊቱ አስቀመጠ። ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ችኩል ነኝ ብያችኋለሁ፣ ጥቁሩን አነሳሁ፣ ለካው፣ ቆመ፣ «ጽቡቕ» አለ፣ ጥሩ ነው ማለቱ ነው፣ ከፍለን ወጣን። በሠርጉ ቀን ማይ ጭሆት ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጥሎ ከበሮው ከምሳ ጀምሮ ሲመታ ዋለ። ኣያ ክፍሎም ጓይላው ውስጥ ገብቶ ከሰው ጋር እየዞረ ሲጨፍር፣ እግሩን እየመታ ትከሻውን ሲነቀንቅ ሳይ ዳነ አልኩ፤ ደስታዬ ሁለት ሆነ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከዳሱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ አገኘሁት። ካልሲው ከተረከዙ ጋር ተጣብቆ ደም ሆኗል። ቬሎዬን ሰብስቤ እግሩ ሥር ተንበረከክሁ።

«ጠቦህ ነው ኣያ?»

«እወ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሱቁ።»

«ትልቅ ቁጥር እኮ ነበራቸው! ሌላ አምጡልኝ አትልም?»

ሰው እንዳይሰማው ወደ ዳሱ ተመለከተ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላ ካልኳቸው የትኛውን ብለው ይጠይቁኛል፣ ሓፍተይ» አለኝ። ጫማውን መልሶ አጠለቀና ሊጨፍር ገባ።